ክፈችልኝ

ጠጋ በሉማ። ድምፄን ዝቅ ላድርግ፤ ደንበኛ ቆሟል።

ከፊት የምታዩት መስታወት ነው። ውስጡ ከቨር፣ ቻርጀር፣ ኤርፎን ተደርድሮ «ኦሪጅናል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። (የኦሪጅናሉን ነገር ሌላ ቀን።) ባሕር ዳር ላይ ከዘንባባው ሥር የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚያየው ይሄንን ነው። ከመስታወቱ ኋላ እኔ አለሁ፣ ፈገግ ብዬ። ከእኔ ኋላ መጋረጃ። ከመጋረጃው ኋላ ካውያና ሆዱ የተዘረገፈ ስልክ። ከጠረጴዛው ሥር መሳቢያ። መሳቢያው ውስጥ አንድ ደብተር።

ስለ ደብተሩ አሁን አልነግራችሁም። ትንሽ ላጓጓችሁ።

መጀመሪያ አንድ ቃል እንካችሁ። የፈረንጅ ቃል ነው፤ «ዙከሪንግ»። አዎ፣ ከፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ስም የተሠራ። አደባባይ የወጣው በፈረንጆቹ 2010 ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በሚባለው የአሜሪካ የመብት ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው ቲም ጆንስ በጻፈው ጽሑፍ ሰበብ። ትርጉሙ? «እሺ» የሚለውን አድምቆ፣ «አይ» የሚለውን ሰባት በር ኋላ ደብቆ፣ ልትሰጡ ያላሰባችሁትን ገመና በገዛ ጣታችሁ እንድታስረክቡ ማድረግ። ሌባ አልገባም። በር አልተሰበረም። ራሳችሁ ነካችሁት፣ ራሳችሁ ሰጣችሁ።

ስሙ ደግሞ ሲያስቅ! ዙከር በጀርመንኛ ስኳር ነው፤ በርግ ተራራ። የስኳር ተራራ። በሸማቾች ማኅበር በር ላይ ፌስታል ይዞ የተሰለፈ ሰው ይሄ ቀልድ ቶሎ ይገባዋል። የቤት ቁጥር ስንት? የቤተሰብ ብዛት ስንት? እዚህ ጋ ፈርም። ስኳር ያለ መዝገብ መቼ ተቀምሶ ያውቃል?

አሁን ደግሞ የፌስቡኩን ባለሱቅ እዩልኝ። በፈረንጆቹ 2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤቱን የሚያዋስኑትን አራት ቤቶች ገዛቸው። ጎረቤት እንዳያየው! በ2016 አንድ ፎቶ ተነሣ፤ ኢንስታግራም ግማሽ ቢሊዮን ተጠቃሚ ሞላ ብሎ ሊደሰት። ሰዉ ደስታውን ትቶ ከኋላው ያለውን ላፕቶፕ አየ፤ ካሜራው ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። በ2018 ሚያዝያ ላይ ደግሞ የ87 ሚሊዮን ሰው መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ ለሚባል ድርጅት እንዴት እንደደረሰ ሊያስረዳ ሴኔት ፊት ቀረበ። ሴናተር ዲክ ደርቢን ጠየቁት፦ ትናንት ማታ ያደርክበትን ሆቴል ስም ልትነግረን ፈቃደኛ ነህ? ትንሽ አሰብ አደረገና አልናገርም አለ።

አልናገርም! እኛስ? እኛማ ቁርሳችንን ሳንበላ ፎቶውን እንለጥፋለን፤ «ከጣና ዳር፣ ከእገሌ ሆቴል፣ ክፍል ከነመስኮቱ»። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር የተባለው ለዚህ ነው። ወጥ ሠሪዋ ራሷ የማትበላውን ወጥ ካቀረበችላችሁ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

ቃሉን ሱቃችን ያመጣው አንድ የዩኒቨርሲቲው የፖሊ ግቢ ተማሪ ነው። ወዲያው አማርኛ አደረግነው። ዙከረ፣ ይዙክራል፣ ዙካሪ። «ሎኬሽን አብሪ አለኝ፣ አበራሁ» ስል የጥገናው ልጅ ከመጋረጃው ኋላ «ተዙከርሽ!» ይላል። እንስቃለን። ግን ልብ አልኩ፤ ቃሉ ከመጋረጃው አልወጣም። አንድ ደንበኛ እንኳ ተቀብሎት አያውቅም።

ለምን መሰላችሁ?

ፈረንጅ የአድራጊውን ስም ይዞ ግስ ያደርገዋል። ድፍረት ነው። የእኛ አማርኛ ግን እንደ ጎጃም ሽማግሌ ነገር ያውቃል። ስልኬ ተጠለፈ። ፎቶዋ ተለቀቀ። ኔትወርክ ተዘጋ። ማን ጠለፈው? ማን ለቀቀው? ማን ዘጋው? «ተ»ዋ ከፊት ቆማ በሩን ትዘጋለች። እኛ አገር ስም መጥራት ዋጋ አለው፤ «ተ» ግን በነፃ ናት።

ጠለፋን ትንሽ እንፍታት፤ የምወዳት ቃል ናት፣ የምፈራትም። እናቴ ጥልፍ ስትጠልፍ አድጌያለሁ፤ የቀሚስ ጥለት፣ መርፌዋ ገባ ወጣ። እግር ይጠለፋል፣ ሰውየው ይወድቃል። አውሮፕላን ይጠለፋል። ከውኃ ስትመለስ ልጅ ትጠለፋለች፤ ያ ቀልድ የለውም። ስልክም መጣና ያው ቃል ጠበቀው። አያችሁ ምን ያህል አዋቂ እንደሆነ? ሴት ልጅ ስትጠለፍ ጠላፊው ከሩቅ አገር አይመጣም። መንገዷን ያውቃል፤ መቼ እንስራ ይዛ እንደምትወጣ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ ያገሯ ልጅ ነው። ኋላም ሽማግሌ ይላካል።

ስልክም እንደዚያው ነው። ይሄ ነው ከመጋረጃው ኋላ ያለው ምስጢር፤ ግማሹን ነገርኳችሁ። «ተጠለፍኩ» ብሎ ከሚመጣው አሥር ሰው የዘጠኙ ጠላፊ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ባል። ወንድም። የዶርም ጓደኛ። ተኝቶ ሳለ አውራ ጣቱን አንሥተው ስልኩ ላይ ያሳረፉበት ሰው አውቃለሁ። ቴሌግራሙ ኮምፒውተር ላይ እንደተከፈተ ረስቶት ወር ሙሉ የተነበበም አለ። ሃከር ብሎ ሩሲያ ድረስ ይጠረጥራል ደግሞ!

ከሩቅ አገር የሚያጠምድ የለም እያልኩ ግን አይደለም። አለ። ጣና ዳር አይደለን? የዓሣ ወሬ ላውራችሁ።

ሌሊት መረብ ተጥሎ ጧት ሲሳብ አይታችኋል? ዓሣው መረቡን አያየውም፤ ውኃ ይመስለዋል። ኢንተርኔትን በአማርኛ «በይነ መረብ» ያለው ሰው ይሄን አስቦ ይሁን ሳያስብ እንጃ፣ ግን ጥሩ አድርጎ ሰይሞታል። አንድ የስለላ ሶፍትዌር ነበር፤ ጋማ የሚባል የእንግሊዝና የጀርመን ኩባንያ የሚሸጠው። ስሙ ፊንፊሸር። ፊን የዓሣ ክንፍ፣ ፊሸር አጥማጅ። ያለ ኀፍረት! በፈረንጆቹ 2013 መጋቢት ላይ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ እንዳወጣው፣ እኛ አገር ላይ ያነጣጠረው መንጠቆ ጫፍ ላይ የተሰካው ትል ፎቶ ነበር፤ የተቃዋሚው የግንቦት ሰባት ሰዎች ፎቶ። ፎቶውን ለማየት የጓጓ ከፈተ። ከፈተና ተያዘ።

ቀጥሎ ጣልያን መጣ። በዚህኛው ጊዜ ደረሰኝ ይዞ። ሃኪንግ ቲም የሚባል የሚላኖ ኩባንያ ነበር፤ የስለላ ዕቃውን አንዴ «ዳ ቪንቺ»፣ አንዴ «ጋሊሊዮ» እያለ ይሸጥ ነበር። እናንተዬ፣ እነዚያ ምስኪን ሊቃውንት በመቃብራቸው ምን አሉ ይሆን? በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 20 ቀን 2013፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ውጭ አገር ሆነው በሚሠሩ ሁለት የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ላይ ሦስት ጊዜ መንጠቆ ተጣለ። ቤልጂየም ያለው በስካይፕ ፋይል ተላከለት። ሲትዝን ላብ ፋይሉን ፈታትቶ የሃኪንግ ቲም እጅ ሥራ መሆኑን አሳየ።

ከዚያስ? ከዚያማ ጉዱ ፈላ። በፈረንጆቹ 2015 ሐምሌ ላይ አጥማጁ ራሱ ተጠመደ። 400 ጊጋባይት የኩባንያው ኢሜይልና ሰነድ አደባባይ ተዘረገፈ፤ የትዊተር ገጹ ስምም በአንድ ሌሊት ተለውጦ «የተጠለፈው ቲም» ሆኖ አደረ። ከሰነዱ ውስጥ የደንበኞች ዝርዝር ወጣ፤ የእኛው ኢንሳም አለበት። የኢንሳ ሙሉ ስም በወቅቱ ምን ነበር? የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ። መረብ! የበለጠ ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው። ሻጮቹ እርስ በርስ በጻፉት ኢሜይል የኢትዮጵያውን ደንበኛቸውን ሲያሙት ተገኙ፤ ዕቃችንን ዝርክርክ አድርጎ ተጠቀመበት ብለው። እኔም ስክሪን ፕሮቴክተሩን አጣሞ የለጠፈ ደንበኛ ሲሄድ የምለው ያንኑ ነው።

ያንን ሁሉ ዘረገፍኩ ያለው ጠላፊስ ራሱን ማን አለ? ፊኒያስ ፊሸር። በፊንፊሸር ስም ላይ መቀለዱ ነው። ቀድሞ በፈረንጆቹ 2014 የጋማንም ገበና አውጥቶበታል። ስምን ወስዶ በባለቤቱ ላይ መልሶ መወርወር፤ ይሄማ ከዋሸራ የቅኔ ጉባኤ ያመለጠ ተማሪ ሥራ ይመስላል።

ቅኔ ካልኩ አይቀር። አያቶቻችን ጠላፊን ያወቁት ስልክ ሳይመጣ ነው። ስሙንም ሰጥተውታል፤ ጆሮ ጠቢ። እስቲ ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት። ጆሮ፣ ጠቢ። ጆሮ እንደ ጡት የሚጠባ። ፌስቡክ ቢሮ ውስጥ አንድ መቶ መሐንዲስ ተሰብስቦ ይሄን የመሰለ ስም አያወጣም። ጆሮ ጠቢ ስላለ ሰም ተፈጠረ፤ ወርቁ እንዲደበቅ። ዛሬም ባሕር ዳር ውስጥ ሰው በስልክ ሲያወራ ስሙት። «ይሄ በስልክ አይወራም፤ ስንገናኝ» ይላል። መገናኘት ካልተቻለ ሰም ይቀባል። አንዷ ጎረቤቴ ጥር አጋማሽ ላይ ገጠር ደውላ «ዝናብ አለ እንዴ እናንተ ጋ?» ስትል ሰምቻለሁ። በጥር! ከዚያ ወገን ምን እንደተባለ አላውቅም፤ ፊቷ ግን ጠቆረ። «በሉ ከቤት አትውጡ፣ ትበሰብሳላችሁ» ብላ ዘጋች። ይሄን የሚፈታ ጋሊሊዮ ካለ ይምጣ።

አዲስ አበቤዎቹም የራሳቸው አላቸው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስምንት ዞን ነበረው፤ ከግቢው ውጭ ያለውን አገር «ዞን ዘጠኝ» ብለው ጦማር የከፈቱ ልጆች ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2006 ላይ ታሰሩ። ክሳቸው ውስጥ ከተጠቀሰባቸው ነገር አንዱ ምን መሰላችሁ? ኢሜይልን ከሰላይ እንዴት እንደሚጠብቁ መሠልጠናቸው። በሬን ቆለፍኩ ያለ ሰው ምን ደብቀህ ነው ተባለ ማለት ነው። ቆይተው ተፈቱ፤ ስሙ ግን ቀረ።

ሕጉማ ጥሩ ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደብዳቤህም፣ ስልክህም፣ በኤሌክትሮኒክስ የምትልከውም አይደፈርም ይላል። በእኛው 2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ ቁጥሩ 1321። አንብቤዋለሁ፣ አትሳቁ። ግን ቃላቱ ይከብዱኛል። «ግላዊነት» ይላሉ። ግላዊነት ብላችሁ ለአንድ የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ብትነግሩት ስስታም ያላችሁት ይመስለዋል። «ገመና» በሉት፤ ቀጥ ይላል፣ ነጠላውን ይሰበስባል። ገመና ይከደናል፣ ይሸፈናል። ሰው «ገመና ከታች» ተብሎ ይመሰገናል፣ «ገመናህ ይገለጥ» ተብሎ ይረገማል። ለአዋጁ ስም እንዳወጣ ብጠየቅ ኖሮ... እሺ፣ ማንም አልጠየቀኝም።

በሉ ደብተሩ።

ሱቃችን በቀን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «ስንት ነው» አይደለም። «ክፈችልኝ» ነው። ፌስቡክ ክፈችልኝ። ኢሞ ክፈችልኝ። ጂሜይል ክፈችልኝ፣ ፕሌይ ስቶሩ እምቢ ብሎኝ ነው። ሰውየው ስልኩን መስታወቱ ላይ ያስቀምጥና ወደ ውጭ ዞሮ ባጃጅ ይቆጥራል። እኔ እከፍታለሁ። ስም እሞላለሁ፣ የልደት ቀን እፈጥራለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ጥር 1 የተወለደ ሰው ለምን እንደበዛ ገባችሁ? ጣቴ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ ነው። ከዚያ ፓስወርድ ይጠይቃል። «ምን ላድርገው ጋሼ?» «አንቺ የፈለግሽውን»።

እኔ የፈለግኩት ምን ሊሆን ነው? ስልክ ቁጥሩ ነዋ። የሁሉም። ከሁለት ወር በኋላ «ረሳሁት» ብሎ ይመጣል፤ ስለዚህ ደብተር ላይ ጻፍን። ስም፣ ስልክ፣ ፓስወርድ። በመስመር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። የአስተማሪ አለበት፣ የነርስ፣ የዲያቆን፣ የባንክ ሠራተኛ፤ ሁለት ፖሊስም። ሚላኖዎቹ ዳ ቪንቺን ለዚህ ነበር የሚሸጡት? ሃያ ብር ከፍለው ደብተር ገዝተው «ክፈችልኝ» እስኪባሉ ቢጠብቁ ኖሮ!

የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርንማ አታንሡት። ሚስጥር የተባለውን ስድስት አኃዝ ወረፋው ሁሉ እየሰማ ቆጥረው ይነግሩኛል፤ «ሰማሽ? ልድገመው?» ብለው ደግሞ ይጨምራሉ። እኔ ዞር ስል ይከፋቸዋል። ልጄ፣ አታምኚኝም እንዴ? ይላሉ። ገንዘቡ የእሳቸው፣ ያልታመኑት እሳቸው!

በእኛው 2015 ክረምት ክልሉ ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ሰው ወደ እኛ ጎረፈ። መስመር ከሌለ ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ «ዜንደር አድርጊልኝ»። ለዜንደር ስልኩ ይከፈታል። ሲከፈት ጋለሪው ይታያል። ማየት አልፈልግም፤ አያለሁ። ሰው የማይነግረኝ ነገር አለ፣ ስልኩ ግን ሁሉን ይነግረኛል። የታጨች ልጅ አውቃለሁ፣ እናቷ ሳታውቅ። አንድ ሰውዬ ቤቱን ሊሸጥ ፎቶ አንሥቶ ሲያዞር አየሁ፤ ሚስቱ በማግስቱ መጥታ ስለ ቤቱ ቀለም እያወራች ቻርጀር ገዛች። ቻርጀሯን ሰጠሁ፣ ምላሴን ዋጥኩ።

ሁሉም ግን ምላሱን አይውጥም። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። አንዲት የፔዳ ግቢ ተማሪ የተሰበረ ስክሪን አስቀይራ ሄደች። ከሳምንት በኋላ ፎቶዋ ተለቀቀ። ተለቀቀ፤ እንደ ዘፈን። በአማርኛችን እዚህ ላይ አፍሬበታለሁ፤ ዘፋኝ አልበም ሲያወጣ የምንለውን ለዚህም ማለታችን። አሁንም «ተ»። ማን ለቀቀው የሚል አልነበረም፤ ምን ሆና ተነሣችው የሚል ግን ሞልቶ ነበር። ልጅቷ ትምህርቷን ጥላ አገሯ ገባች።

ያን ሰሞን ባለሱቁን «ደብተሩን እናቃጥለው» አልኩት። «ደንበኛ ሲመጣ ምን ልትይው ነው?» አለኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ይቅር፣ አዲስ ስም ግን አይጻፍበት ተባባልን። ጸናን። ሁለት ወር ሙሉ ስልኩን ወደ ደንበኛው አዙሬ «ፓስወርዱን እርስዎ ይጻፉ፣ እኔ አላይም» እያልኩ ፊቴን ወደ ዘንባባው አዞርኩ። ተሳቀብኝ። አንዱ «ምን፣ አውሬ አለበት?» አለኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከዘጌ በጀልባ የመጡ እናት ገቡ። ልጃቸው ቤይሩት ናት፤ አዲስ ስልክ ልካላቸው በሻሽ ጠቅልለው ይዘውታል። «ኢሞ ክፈችልኝ፣ የኔ ልጅ፤ ዓይኗን ካየሁ ሦስት ዓመቴ»።

«እሺ እማማ። መጀመሪያ ጂሜይል ያስፈልጋል። ይሄን እርስዎ ይጻፉት፣ ለማንም አይንገሩ።»

«ፊደል አልቆጠርኩም።»

«ቁጥር ይሁን፤ የማይረሱትን።»

አሰቡ። ከዚያ ወረፋውን ሁሉ በሚያዳርስ ድምፅ ልጃቸው የተወለደችበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት፣ ከእነ ታቦቱ ተናገሩ። ከኋላቸው የቆመው የባጃጅ ሾፌር «ኧረ ቀስ ይበሉ እማማ!» አላቸው። ዞረው አዩት። «ከእናንተ ከልጆቼ ምን ልደብቅ?»

ከፈትኩላቸው። ተደወለ፣ ጠራ። ልጅቷ በወጥ ቤት ሽርጥ ብቅ ስትል እናትየው ስልኩን ሳሙት፤ መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ሱቁ ሁሉ ዝም አለ። ሲጨርሱ ስልኩን በሻሹ ጠቅልለው ብብታቸው ከተቱና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ያቺን ቁጥር ጻፊልኝ። እኔ ብረሳ፣ አንቺ ታስታውሽኛለሽ።»

መሳቢያውን ሳብኩት።